ለጂን ክብር፣ ለአረቄ ስድብ

በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ የተወራው ስለ ቤቱ፣ ስለ መንገዱና ስለ ካሳው ነው። ከቤቶቹ ጋር አብሮ ስለተነሳው ሙያ የተናገረ ጥቂት ነው። ሰፈሩ ሲመሽ የሚደምቀው በትናንሽ መጠጥ ቤቶቹ ነበር። ከቢራውና ከጂኑ ጎን የማር አረቄ፣ የኮሶ አረቄ፣ የደብረ ብርሃን ዳግም በመለኪያ ይቀዳ ነበር። አሁን መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ በርቷል። በአዲሶቹ ሕንፃዎች ሥር የሚከፈተው ባር የስኮትላንድ ውስኪ እንደሚሸጥ ማንም አይጠራጠርም። አረቄስ?

ፈረንጅ አገር አንድ ሰው የአካባቢውን እህል ገዝቶ፣ በትንሽ ማውጫ መጠጥ ቢያወጣ «በእጅ የተሠራ» ተብሎ ጠርሙሱ በውድ ይሸጣል። የአርሲ ነገሌና የደብረ ብርሃን ሴቶች የሚሠሩት ይህንኑ ነው። ጌሾ ወቅጠው ይጠነስሳሉ፣ ገብሱን ብቅል ያደርጋሉ፣ በቆሎውን ወይም ዳጉሳውን አስፈጭተው፣ ቂጣ ጋግረው ይደፈድፋሉ። ድፍድፉ ሲደርስ ማሰሮው ይጣዳል፤ እንፋሎቱ በመቃ ወይም በቱቦ አልፎ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ይጠራቀማል። ያንኑ ደግሞ ያወጣ ዳግም አረቄ አገኘ። በአፍንጫ፣ በምላስና በእሳቱ ልክ የሚሠራ ሙያ ነው። ባለሙያዋ ግን «አረቄ ሻጭ» ትባላለች፤ ያውም እንደ ስድብ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይህ ነው።

ብሔራዊ አልኮልና አረቄ ፋብሪካን ተመልከቱ። አልኮሉ የሚወጣው ከስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት፣ ከሞላሰስ ነው። ጠርሙሶቹ ላይ ያሉትን ስሞች አንብቡ፦ ኡዞ፣ ጂን፣ ኮኛክ። አንዱ የግሪክ፣ አንዱ የእንግሊዝ፣ አንዱ የፈረንሳይ። ከጌሾና ከዳጉሳ የተሠራው ግን ስም የለሽ ሆኖ በጀሪካን ይጓዛል።

«አረቄ መርዝ ነው» የሚል ይነሳል። ዓይን የሚያጠፋውና የሚገድለው ሜታኖል ነው። ከእህል በሚወጣ አረቄ ውስጥ ያለው ሜታኖል ጥቂት ነው፤ በዓለም ላይ ብዙ ሰው የጨረሰው ለመጠጥ ያልተሠራ የኢንዱስትሪ አልኮል ሲቀላቀልበት ነው። አጭበርባሪው ደግሞ የሚመቸው ስምና ምልክት የሌለው ጀሪካን ነው። አዎ፣ አረቄ ትዳር ያፈርሳል፣ ጉበት ይጨርሳል። ውስኪም ያው ነው። ማገዶውም እውነት ነው፤ የአርሲ ነገሌ ማሰሮ ብዙ እንጨት ይበላል። ግን የተሻለ ምድጃ የሚደርሰው በሕግ ለታወቀ ሠራተኛ ነው።

መከልከል መፍትሔ ቢሆን ኡጋንዳ ትመስክር። እ.ኤ.አ. በ1965 ያወጣችው ሕግ ያለ ፈቃድ ዋራጊ ማውጣትን ከለከለ፤ ፈቃድ ያለውም ለፋብሪካ እንዲያስረክብ አዘዘ። ፋብሪካው «ኡጋንዳ ዋራጊ» የሚል ጠርሙስ አወጣ፤ የመንደሩ ዋራጊ ግን አልቀረም፣ ተደበቀ እንጂ። ሜክሲኮ በሌላ መንገድ ሄዳ እ.ኤ.አ. በ1994 «ሜዝካል» የሚለውን ስም ለተወሰኑ አካባቢዎች መጠጥ ብቻ አስከበረች። ዛሬ ሜዝካል በዓለም ባሮች ውስጥ በክብር ይቀዳል።

ይህ ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። የይርጋጨፌን፣ የሲዳማንና የሐረርን ቡና ስም ለማስከበር ከስታርባክስ ጋር ተሟግታ በ1999 ዓ.ም. ስምምነት ላይ ደርሳለች። ለቡናው ያ ሁሉ ሙግት ከተደረገ ለደብረ ብርሃን ዳግም፣ ለጎጃም የግብጦ አረቄ ስም ምን ይጎድለዋል?

የሚጠየቀው ሰማይ መንካት አይደለም። አንደኛ፣ ፈቃዱ በፋብሪካ ልክ ሳይሆን ሁለት ማሰሮ ባላት ሴት ልክ ይሰፋ። ሁለተኛ፣ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አረቄውን እየመረመረ የአልኮሉ መጠን ጠርሙሱ ላይ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ከተማው ካዛንቺስን መልሶ ሲገነባ ከአዲሶቹ ሱቆች ጥቂቱን በአቅማቸው ኪራይ ለነዚህ ሴቶች ይስጥ።

ካልሆነ የሚመጣው ይታወቃል። ሙያው ከእናቶቹ ጋር ይቀበራል። ከዚያ አንድ ባለሀብት፣ ምናልባትም የውጭ ሰው፣ ያንኑ አረቄ በሚያምር ጠርሙስ ያመጣዋል። ያን ጊዜ የካዛንቺስ ሰው የእናቱን አረቄ እንደ ብርቅ በውስኪ ዋጋ ይጠጣል።