ማሰሮዋን እንፈልጋለን፣ እጇን እንጸየፋለን

ባለፈው ሰሞን በመኝታ ቤታችን ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ ሰውን ጠፈር አድርሶ የሚመልስ፣ ተመልሶም ዳግመኛ የሚበር መንኮራኩር እንዴት ይሠራል የሚል። አንዱ፣ «ይኼ ለጂንካ ልጅ ምን ይፈይዳል?» አለ። ሌላው ደግሞ ፈረንጁን አድንቆ አድንቆ ሲያበቃ፣ «እኛማ ያለን ሸክላ ሠሪ ብቻ!» ብሎ ሣቀ። ክፍሉም አብሮ ሣቀ። አንድ ጓደኛችን ብቻ አልሣቀም። እናቱ በጂንካ የቅዳሜ ገበያ ማሰሮ ትሸጣለች።

ይህን የምጽፈው ስለዚያ ሣቅ ነው።

ለመሆኑ ወንድሞቼ፣ መንኮራኩሩን ከእሳት ያዳነው ምን ይመስላችኋል? የሸክላ የሥጋ ዘመድ ነው! እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 2011 ድረስ 135 ጊዜ የበረረው የአሜሪካኖቹ ስፔስ ሹትል አካሉ አሉሚኒየም ነበር። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል። መንኮራኩሩ ሲመለስ ግን ከፊቱ የታመቀው አየር አፍንጫውንና የክንፉን ጠርዝ ከ1,260 ዲግሪ በላይ ያግላል። ስለዚህ ከ20,000 በላይ ጡቦች አለበሱት፤ የአሸዋ ዘር ከሆነው ከሲሊካ ጭረት ተሠርተው በምድጃ የበሰሉ። አብዛኛው ውስጣቸው አየር ስለሆነ ሙቀት አያሳልፉም። ተሰባሪ ናቸውና ብረቱ ሲለጠጥ እንዳይሰነጠቁ ከሥራቸው የጨርቅ ንጣፍ ገባላቸው። እያንዳንዱ ጡብ የራሱ ቅርጽ፣ የራሱ ቁጥር ነበረው፤ በሰው እጅ ይለጠፋል፣ ከበረራ በኋላም በሰው ዓይን ይመረመራል።

ዳግመኛ መብረር ማለት እንግዲህ ይኸው ነው። ጭንቁ ከወረደ በኋላ ያለው የእጅ ሥራ ነው። በየሳምንቱ ይበራል የተባለለት ሹትል በአንድ ዓመት ቢበዛ የበረረው 9 ጊዜ ነው፤ እሱም በ1985።

ታዲያ ሥራውን የሚያውቀው ሰው ሲናቅ ምን ይሆናል? በጥር 1986 መሐንዲሶች «ብርዱ የጎማውን ማሸጊያ ያደርቀዋል፣ አታስነሡት» አሉ። አለቆች አልሰሙም። ቻሌንጀር በ73 ሰከንድ ውስጥ ከ7 ሰዎች ጋር ጠፋች። በ2003 ደግሞ ከነዳጅ ታንኩ የተላቀቀ አረፋ የኮሎምቢያን ግራ ክንፍ መታ። መሐንዲሶች ክንፉ በፎቶግራፍ ይታይልን ብለው ለመኑ። አሁንም አልተሰሙም። ሌሎች 7 ሰዎች ሲመለሱ ነደዱ።

ማሰሮና መንኮራኩር አንድ ነው አልልም፤ እንዲያ ያለ ቂል አይደለሁም። ጥያቄው ግን አንድ ነው፤ ዕቃ ሳይሰነጠቅ እሳትን እንዴት ያልፋል? የጓደኛችን እናት ጭቃዋን መርጣ፣ ውፍረቱን በጣቷ ለክታ፣ እርጥበቱ ሳይወጣ እሳት አታስነካውም። ይህ ዕውቀት ነው። እኛስ? በአሪ አገር ገበሬው ከሸክላ ሠሪና ከቀጥቃጭ ጋር መጋባትም አብሮ መብላትም ነውር ሆኖበት ኖሯል። ደጋውም ቢሆን አይኩራራ፤ «ቡዳ» እያለ ባለ እጁን ከደጁ አርቋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ አዋጁ ገና መኝታ ቤታችን አልደረሰም!

«አገራችን ለምን አልሠራችም?» እያልን እናለቅሳለን። ማን ይሥራልን? የሚሠራውን ሰው ከማዕዳችን አስነሥተን፣ ልጁን በእናቱ ሙያ አሳፍረን፣ ወጣችንን ግን በእሷ ማሰሮ እንቀቅላለን። ይኼ ድህነት አይደለም፤ ድህነትን መጥመቅ ነው።

ስለዚህ መሐንዲስ እሆናለሁ የምትል ሁሉ ቅዳሜ ገበያ ውረድና ሴትዮዋን «እማማ፣ ይኼ ለምን አልተሰነጠቀም?» ብለህ ጠይቅ። ከዚያ በፊት ግን ያን ልጅ ይቅርታ እንጠይቀው፤ ከአንድ ትሪም እንብላ። እኔም ያን ቀን ሥቄአለሁና፣ ከእኔ ይጀመር።