አክሲዮን ለመግዛት የሚያስብ ቤተሰብ አስቀድሞ ሊያነባቸው የሚገባ መጻሕፍት

ገንዘብን ማግኘት አንድ ሙያ ነው፤ ያገኙትን ጠብቆ ማኖር ደግሞ ሌላ ሙያ ነው። በቦሌ ቡልቡላ ያለውን ኑሮ የተመለከተ ሰው፥ የብዙ ቤተሰብ ጥሪት በቤትና በቦታ ላይ እንደ ቆመ ይረዳል፤ ቤት በዓይን ይታያል፥ በእጅም ይዳሰሳልና። አክሲዮን ግን በመዝገብ ብቻ የሚታይ ሀብት ስለ ሆነ፥ ሳያነብ የሚገዛው ሰው በጨለማ እንደሚሸምት ይቆጠራል።

ነገሩ ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በቀድሞ ዘመን በብሔራዊ ባንክ አማካይነት በአዲስ አበባ የአክሲዮን ግብይት ይካሄድ ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. ባንኮችና ትልልቅ ኩባንያዎች ሲወረሱ ቀረ። በ2013 ዓ.ም. የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 ወጣ፤ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም አንዱን አክሲዮን በ300 ብር ለሕዝብ አቀረበ። ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፥ ማለት 9,900 ብር ስለ ነበረ፥ ነገሩ ከባለጠጎች አልፎ እስከ መካከለኛው ቤት ደረሰ። ጥር 2 ቀንም የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ተከፈተ፤ ወጋገን ባንክ በመጀመሪያ ተመዘገበ።

እንግዲህ በእንግሊዝኛ ከተጻፉት መጻሕፍት አራቱን በተራ እንጠቁማለን፤ የታተሙበት ዓመት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ፊተኛው ቤንጃሚን ግራሃም በ1949 ስለ አስተዋይ ባለ ገንዘብ የጻፈው ነው። አክሲዮን የድርጅት ባለቤትነት እንጂ የሎተሪ ዕጣ አለመሆኑን ያስረዳል፤ ገበያውንም አንድ ቀን በደስታ፥ አንድ ቀን በፍርሃት ዋጋ ከሚጠራ ሸሪክ ጋር ያመሳስለዋል። ሁለተኛው የበርተን ማልኪየል፥ የ1973 መጽሐፍ ነው፤ ዋጋ ትናንት የሄደበት መንገድ የነገውን አያሳይም ብሎ ይከራከራል፥ ገንዘብንም በብዙ ኩባንያ ላይ ማከፋፈልን ይመክራል።

ሦስተኛው ሮበርት ኤድዋርድስና ጆን ማጊ በ1948 ያሳተሙት የዋጋ ሥዕል መጽሐፍ ነው። አራተኛው ስቲቭ ኒሰን በ1991 የጃፓንን ጥበብ ያስተማረበት ነው፤ በዚህም የአንድ ቀን ዋጋ በሻማ አምሳል ይሣላል። የሻማው ገላ የመክፈቻውንና የመዝጊያውን ዋጋ፥ ከላይና ከታች የወጡት ክሮችም ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ያመለክታሉ።

የሥዕሉን መጻሕፍት ወደ ኋላ ያደረግነው በምክንያት ነው። ሥዕል የሚናገረው ብዙ ገዢና ብዙ ሻጭ ለረጅም ዘመን ሲገናኙ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. የተከፈተ ገበያ ግን የሚሣልለት ታሪክ ገና አጭር ነው። የኩባንያው የሒሳብ መግለጫ ግን ትርፉንና ዕዳውን፥ ለባለአክሲዮኖችም የከፈለውን ዛሬውኑ ይነግራል። ስለዚህ በጥቂት ቀን ሥዕል አንብባችሁ ትከብራላችሁ የሚል አስተማሪ ሲመጣ፥ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለውን ማስታወስ ይገባል። አገናኝ ነኝ የሚለውንም ሰው፥ ከኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ያለው መሆኑን አስቀድሞ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ባልና ሚስት መጻሕፍቱን አብረው እንዲያነቡ እንመክራለን። ለጥቂት ወራትም በደብተር ላይ ብቻ ገዝተው ሸጠው ይፈትኑ፤ ለልጆች ትምህርትና ለቤት ወጪ የሚሆነውን ገንዘብ ለይተው ያኑሩ። ከዚህ የተረፈው ብቻ ወደ ገበያ ቢወጣ፥ ዋጋ የወደቀ ቀን እንኳ እንጀራ ከመሶብ አይጎድልም።