ካምቢዮው ቀለም ተቀባ፤ ውስጡን ግን ለቄስ!

እኔ ጸሐፊ አይደለሁም። እጄ ያረጀው ከብዕር ጋር ሳይሆን ከቁልፍ ጋር ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ በአዲስ አበባ ጋራዦች የከባድ መኪና ካምቢዮ ስፈታና ስገጥም ኖሬያለሁ። ዛሬ ብዕር ያስጨበጠኝ አንድ በደል ነው፤ ያውም የራሴ በደል።

ነገሩ የሆነው ከዓመታት በፊት ነው። አንድ ባለንብረት ተሳቢ የሚጎትት መኪናቸውን እሠራበት ወደነበረው ጋራዥ አመጡ። ሦስተኛ ማርሽ እየዘለለ ይወጣል። ካምቢዮውን አውርደን ስንፈታው የማርሹ ጥርስ ተሸርፏል፤ የሚቆልፈው ትንንሹ ጥርስም ተበልቶ ዶልዱሟል። "ጋሼ፣ ይሄ ከነጥንዱ ካልተቀየረ አይሆንም" አልኳቸው። ዋጋውን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። "በብየዳ ሙላውና ሞርደው እንጂ! መኪናው አንድ ቀን ሲቆም ስንት እንደምከስር ታውቃለህ?" አሉኝ። አለቃዬም "እሳቸው ያሉህን ሥራ" አለ። ሠራሁት። በብየዳ ሞላሁት፣ ሞረድኩት፣ ካምቢዮውን በናፍጣ አጥቤ ብርማ ቀለም ቀባሁት። አዲስ መሰለ! ባለንብረቱም መርቀውኝ ሄዱ።

በሦስተኛው ሳምንት መኪናው ጭነቱን እንደያዘ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ሲወርድ ማርሹ ወጣ። ሾፌሩ መልሶ ለማስገባት ቢታገል እምቢ አለው። ሞተሩ መኪናውን መያዙን ሲተው ያ ሁሉ ክብደት ፍሬኑ ላይ ወደቀ፤ ፍሬኑም ግሎ ጨሰ። ሾፌሩ ልበ ሙሉ ሰው ነበርና መሪውን ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተራራው ጠምዝዞ አላተመው። እሱ ተረፈ። ረዳቱ ግን አንድ እግሩን አጣ። ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ!

መዝገብ ላይ የተጻፈው "ፍሬን በጥሶ" የሚል ነው። የበጠሰው ግን ፍሬኑ አልነበረም። የኔ ብየዳ ነው።

ብየዳው ለምን አይይዝም?

የማርሽ ጥርስ እንደ ድፎ ዳቦ ነው፤ ቅርፊቱ ደረቅ፣ ውስጡ ለስላሳ። ፋብሪካው በእሳትና በካርቦን የሚያጠነክረው ከላይ ያለውን አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ውስጡ ለስለስ የሚለው ጭነት ሲመታው ቶሎ እንዳይሰበር ነው። የብየዳ እሳት ሲያርፍበት ያ ቅርፊት ይሞታል፤ ዓይን የማያየው ስንጥቅም ይፈጠራል። ሲሞረድ ያምራል፣ ሲጫን ይረግፋል። ይህን እኔ ያኔም አውቀው ነበር። በደሌን የሚያከብደውም ይኸው ነው።

እውነተኛ ምርመራ ዘይቱ ሲፈስ ይጀምራል። በመፍሰሻው ቡሎን ማግኔት ላይ እንደ ጭቃ ያለ ግራጫ ብናኝ ቢገኝ የተለመደ ነው። የብረት ስባሪ ከተገኘ ግን ጥርስ ወይም ኩሽኔታ እየሞተ ነው ማለት ነው። ቢጫ ብናኝ ከታየ ደግሞ የሲንክሮናይዘሩ የነሐስ ቀለበት እየተበላ ነው።

ከዚያ ሁሉም ታጥቦ በደህና ብርሃን ይታያል። ኩሽኔታ በእጅ ቀስ ተብሎ ይዞራል። ልጆቻችን በኮምፕሬሰር አየር ሲያስፏጩት ደስ ይላቸዋል፤ ያለ ዘይት እንደዚያ ማሽከርከር ግን ደህናውን ኩሽኔታ መግደል ነው። መሮጫው ላይ ጉድጓድ ወይም ሙቀት ያመጣው ሰማያዊ ቀለም ከታየ ይጣላል፤ ምሕረት የለውም። ዘንጉ በማይክሮሜትር ይለካል፤ መጣመም አለመጣመሙም እየዞረ በኮምፓራቶር ይታያል። የነሐስ ቀለበቱ በሾጣጣው ላይ ተጭኖ የሚቀረው ክፍተት በቀጭን ምላጭ መለኪያ ይለካል። ክፍተቱ የፋብሪካው መጽሐፍ ከሚለው ካነሰ ቀለበቱ አልቋል። በዓይን ገርመም አድርጎ "ይሠራል ባክህ" ማለት ምርመራ አይደለም፤ ሎተሪ ነው።

አሮጌ ሁሉ ይጣል አላልኩም

እኛ ድሃ አገር ነን። የሚድነውን ማዳን ነውር ሳይሆን ሙያ ነው። ኩሽኔታ የሚቀመጥበት የዘንግ ወገብ ቢበላ ብረት ተረጭቶበት ወይም ክሮም ተነክሮ፣ እንደገና ተፈግፍጎ ወደ ልኩ ይመለሳል። የካምቢዮው ቤት ቀዳዳ ቢሰፋ በቶርኖ ተስተካክሎ ቦኮላ ይገባለታል። ልኩ ግን የሚሊ ሜትር መቶኛ ጉዳይ ነው፤ "በግምት" የሚባል ነገር እዚህ ቦታ የለውም። ፓራኦሊዮና ጓርኒሲዮን ካምቢዮ በተፈታ ቁጥር ይቀየራሉ። ማርሽም ሲቀየር ከጥንዱ ጋር ነው፤ አዲሱን ካረጀው ጋር ብታጋጥመው ይጮሃል፣ ይበላላል።

የሚድነውንና የማይድነውን መለየት ነው የሙያው ክብር። ቀለምማ ማንም ይቀባል! (በቀለም ማታለል የጋራዥ ብቻ ሥራ ነው ያለው ማነው? ግን ወደ ካምቢዮዬ ልመለስ።)

ታዲያ ጥፋቱ የማነው?

የኔ ነው ብያለሁ። ግን የኔ ብቻ ነው ወይ? ባለንብረቱ ከእግር ይልቅ ለብር አዘኑ። ጋራዡ ደንበኛ እንዳይሸሸው እውነቱን ዋጠ። መንግሥትስ? በ2016 ዓ.ም ሐምሌ ወር ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲለቀቅ፣ በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ካምቢዮ የሚያሠራ ሰው በዚያ ዋጋ ኦሪጂናል ዕቃ ይገዛ እንደሆን የጠየቀ ሹም አላየሁም። ይኸኔ የታወቀ ፋብሪካ ስም በካርቶኑ ላይ የተለጠፈበት አስመሳይ ኩሽኔታ ገበያውን ይቆጣጠራል። ከመቶ ብየዳ የሚተናነሰው በምኑ ነው?

ዓመታዊ ምርመራውም ቢሆን መብራቱን፣ ጎማውን፣ ፍሬኑን ያያል እንጂ ካምቢዮ ፈትቶ አያይም። ሊፈታም አይችልም፤ ይገባኛል። ለዚህም ነው የፈታው ሰው እውነቱን በጽሑፍ እንዲያኖር መገደድ ያለበት።

እኔ የምለው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የከባድ መኪና ካምቢዮ የሚያድስ ጋራዥ የለካውን ልክ፣ የቀየረውንና ያልቀየረውን ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ማኅተም መትቶ ይስጥ። አደጋ ሲደርስም ያ ወረቀት ይጠየቅ። ሁለተኛ፣ የወጣው አሮጌ ዕቃ ለባለንብረቱ ተመልሶ ይሰጥ፤ የሚጠራጠር በዓይኑ ይይ። ሦስተኛ፣ ሰው የሚያተርፍ ዕቃ ከቅንጦት ዕቃ እኩል ወረፋ አይጠብቅ፤ ኩሽኔታና ማርሽ የውጭ ምንዛሪ ሲመደብም ሆነ ቀረጥ ሲጣል ቅድሚያ ይሰጠው። ሳይቃጠል በቅጠል!

ባለንብረቶችም ሆይ፣ መካኒካችሁ "ይሄ አይሆንም" ሲላችሁ አትቆጡት። የሚፈራላችሁ ሰው ነው። እሺ ባዩን ነው መፍራት።

ያንን ረዳት አንዳንዴ መንገድ ላይ አገኘዋለሁ። በክራንቹ ቆም ብሎ "ጋሼ፣ እንደምን ነዎት?" ይለኛል፤ ያከብረኛል። ካምቢዮውን ማን እንደሠራው አያውቅም ነበር። ይህን ጋዜጣ ካነበበ ዛሬ ያውቃል። ያለኝን ይበለኝ፤ ይገባኛል።

ልብ ያለው ልብ ይበል።