ከበቀል ሁሉ የከፋው

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1847 በታተመው «ዉዘሪንግ ሃይትስ» በተባለው የኤሚሊ ብሮንቴ ልብ ወለድ ውስጥ፣ ሂዝክሊፍ ፍቅሩን ስለ ተነጠቀ ይበቀላል። ሰው ሁሉ የሚያነሣው ርስት መውሰዱን ነው። እኔ ግን ከሁሉ የከፋ የምለው የጠላቱን የሂንድሊን ልጅ፣ ሄርተንን፣ ፊደል ሳያስቆጥር ማሳደጉን ነው። ሕፃኑ ምን በደለ? ሂንድሊ እሱን በልጅነቱ ከትምህርት አስወጥቶ እንደ ሎሌ አሠርቶት ነበርና፣ በደሉን ከነመልኩ ለልጁ መለሰለት።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ በዘሩ የተናቀው በዛብህ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል አስተማሪ አደረጉት፤ ለባልነት ግን አልበቃቸውም። ዕውቀቱን ፈልገው ሰውየውን ናቁ! በዛብህ ሸሸ እንጂ አልተበቀለም።

ታሪኩ የጎጃም ነው። ሆኖም ወላጆቻችን ይቅር ይበሉንና፣ በጅማም ሆነ በአጋሮ ሽማግሌ ሲላክ ዛሬም «የማን ልጅ ነው?» ይባላል፤ «ምን ተማረ?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ቡናው ሦስተኛ ከተቀዳ በኋላ ነው።