እምነት ወይስ ልማድ?

እንደሚታወቀው አገራችን ሳለን ክርስትናችንን የሚያስጠብቅልን ብዙ ነገር ነበረ። ደወሉ ይቀሰቅሰናል፣ ጎረቤት ያየናል፣ የንስሐ አባት ይጠይቀናል፣ በዓሉንም አካባቢው ሁሉ ያከብረዋል። በጾም ወቅት ብዙ ቦታ ልኳንዳ ቤት ስለሚዘጋ መጾሙ ራሱ ያን ያህል አይከብድም ነበር። እዚህ ገዳሪፍ ግን ዕረፍቱ ዓርብ ነው፤ እሑድ እንደማንኛውም ቀን የሥራ ቀን ነው። ሰሊጥ ሲደርስ ፍሬው ሳይረግፍ መታጨድ ስላለበት ባለእርሻውን «ዛሬ እኮ ሃያ አንድ ማርያም ናት» ቢሉት አይሰማም። ታዲያ የሚያየንና የሚጠይቀን ሰው ሲጠፋ የሚቀረን ምንድን ነው? ይሄ ጥያቄ ኦርቶዶክሱንም፣ ካቶሊኩንም፣ ፕሮቴስታንቱንም የሚመለከት ይመስለኛል።

መልሱን ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። መርየም ኢብራሂም የተወለደችው እዚሁ ገዳሪፍ ግዛት ውስጥ ነው። አባቷ ሱዳናዊ ሙስሊም፣ እናቷ ኢትዮጵያዊት ኦርቶዶክስ ነበሩ። አባትየው ገና በልጅነቷ ጥለዋቸው ስለሄዱ እናትየው ለብቻቸው በክርስትና አሳደጓት። ኋላም ክርስቲያን አገባች። በ2006 ዓ.ም. ግን «የሙስሊም ልጅ ስለሆነች ሙስሊም ናት፤ ሃይማኖቷን ክዳለች» ተብላ ካርቱም ላይ ፍርድ ቤት ቀረበች። ሐሳቧን እንድትለውጥ ሦስት ቀን ተሰጣት። እሷ ግን ከመጀመሪያውም ክርስቲያን መሆኗን፣ የካደችው ነገርም እንደሌለ ተናግራ ጸናች። ግንቦት 7 ቀን 2006 ዓ.ም. በስቅላት እንድትሞት ተፈረደባት፤ ክርስቲያን ማግባቷም እንደ ዝሙት ተቆጥሮ 100 ጅራፍ ተጨመረበት። በዚያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች። ግንቦት 19 ቀን እዚያው እስር ቤት እግሯ በሰንሰለት እንደታሰረ ሴት ልጅ ወለደች። ትንሹ ወንድ ልጇም አብሯት እስር ቤት ነበር። ሰኔ 16 ቀን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረውና ተፈታች፤ በሐምሌ ወር ወደ ጣሊያን፣ ከዚያም ወደ አሜሪካ ሄደች። ያ በእምነት ለውጥ ሞት የሚፈርድ ሕግም በ2012 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ከሱዳን ተሽሯል። ሳይነገር መታለፍ የሌለበት ነገር ቢኖር፣ ጥብቅና ቆመው ከተከራከሩላት መካከል ሙስሊም ሱዳናውያን መኖራቸው ነው።

ልብ በሉ፣ ያንን ሁሉ ለማስቀረት አንድ ቃል ይበቃት ነበር። ልማድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያቺን ቃል ተናግራ ልጆቿን ይዛ ቤቷ ትገባ ነበር፤ ማንም ሰው ደግሞ አይፈርድባትም። የጸናችው ነገሩ የራሷ ስለሆነ ነው። እንዲህ ያለ ፈተና በማናችንም ላይ እንዲመጣ አልመኝም። ነገር ግን የራስ የሆነ እምነት ምን እንደሚመስል ያሳየናል።

አንዳንድ ሰዎች «ልማዱን አትንኩብን፤ ልማዱ ባይኖር ልጆቻችን ጨርሰው ይጠፉ ነበር» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። መርየምም ቢሆን እምነቱን ያገኘችው ከእናቷ ነው። ልማድ እንደ አጥር ነው፣ ያስፈልጋል። ግን ውስጡ የተዘራ ነገር ከሌለ አጥሩ ምኑን ይጠብቃል? ተማሪዎቼን «ለምን ትጾማላችሁ?» ብዬ ስጠይቅ ብዙዎቹ «እናቴ ስለምትጾም» ይሉኛል። ይህ ጥሩ መነሻ ነው፣ መድረሻ ግን አይደለም። ልጁ ነገ ብቻውን ወደ ካርቱም ወይም ወደ ሊቢያ ሲሄድ እናቱ አብራው አትሄድም። ስለዚህ ወላጆችም ሆንን መምህራን «ጹም» ከማለት አልፈን «ለምን» የሚለውንም ማስረዳት አለብን።

የእኛ የየዕለቱ ፈተና ደግሞ ፍርድ ቤት ሳይሆን የውሃ ቦኖ ጋ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ የአንዲትን አሮጊት ወረፋ የሚቀማ ሰው ምን ጾመ ይባላል? ጾም እኮ የተረፈውን ምግብ ለሌለው መስጠትንም ይጨምራል። በ2014 ዓ.ም. የሱዳን ስደተኞች ራሽን በግማሽ ሲቀነስ ብዙ ቤት ችግር ገብቷል። እንዲህ ባለ ኑሮ ለክርስትናና ለተዝካር ተበድሮ መደገስ፣ ጎን ያለው ሸራ ውስጥ ልጆች ሳይበሉ እያደሩ፣ ለሰው ዓይን እንጂ ለእግዚአብሔር ነው ማለት ይከብዳል። በእኔ በኩል ድግሱ ቀርቶ እህሉ ለእነዚያ ልጆች ቢሰጥ ሟቹም የሚከበር ይመስለኛል።

ሌላም አለ። በ2013 ዓ.ም. በኅዳር ወር ሕዝብ ተከዜን ተሻግሮ ሐምዳይት ሲደርስ መጀመሪያ ምግብ ያካፈሉት የሱዳን መንደሮች ሰዎች ነበሩ። ማን ነህ፣ ሃይማኖትህ ምንድን ነው አላሉም። ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በተነሳው ጦርነት ደግሞ ብዙ ሱዳናውያን ራሳቸው ተፈናቅለው ወደ ገዳሪፍ መጥተዋል። የወንጌሉ ደጉ ሳምራዊ ለማያውቀው ሰው የቆመ ሰው ነው። ታዲያ እነዚህ ተፈናቃዮች ውሃ ፍለጋ ወደ እኛ ሲመጡ ምን እናደርጋለን? ክርስትናችን ልማድ ይሁን እምነት የሚለየው እዚያ ላይ ነው።

ቸር ይግጠመን።