ለኮዋላው ‹‹በቃ›› ያለለት አለ



የዛሬው ጽሑፌ የሚነሣው ከሱፍ ክርና ከሹራብ መርፌ ነው። ‹‹ይህ ደግሞ ከፖለቲካ ጋር ምን አገናኘው?›› የምትሉኝ አትጠፉም። ታግሣችሁ እስከ መጨረሻው ከተከተላችሁኝ ግን ጉዳዩ ከሥር ከመሠረቱ ፖለቲካ መሆኑን ትረዱልኛላችሁ ብዬ አምናለሁ።

በምኖርበት የሰሜን አሜሪካ ከተማ፣ ከቤቴ ብዙም በማይርቅ አዳራሽ ውስጥ፣ ዕድሜያቸው የገፋ እናቶች በየሳምንቱ ይሰበሰባሉ። ሻይ ይጠጣሉ፤ ስለ ልጅ ልጆቻቸው ያወጋሉ፤ እጃቸው ግን ለአፍታም አያርፍም። ባሕር ማዶ ላሉ ችግረኞች የሚላክ ብርድ ልብስ ይሠራሉ። ባለፈው ክረምት አንዲት ጎረቤቴ ጋብዘውኝ ሄድሁ። ኢትዮጵያዊ መሆኔን ሲሰሙ፣ አንዲት አዛውንት ጭናቸው ላይ የነበረውን ሰማያዊና ነጭ ብርድ ልብስ ዘርግተው አሳዩኝ። ስድስት ሳምንት እንደ ፈጀባቸው ነገሩኝ። ቀጥለውም፣ ‹‹ይህ ወደ እናንተ አገር ይሄዳል ብለውናል። ግን እናንተ ዘንድ ሞቃት አይደለም እንዴ? እውነት ይበርዳል?›› ሲሉ ጠየቁኝ።

ጓደኞቻቸው በጥያቄው ያፈሩ መሰሉ። እኔ ግን ዛሬ ሳስበው፣ በዚያ አዳራሽ ከተነገረው ሁሉ ትክክለኛው ነገር ያ ጥያቄ ነበር። ሴትዮዋ ስድስት ሳምንት ሙሉ ሲለፉ፣ ልፋታቸው ወዴት እንደሚሄድና ለምን እንደሚያስፈልግ የነገራቸው አንድም ሰው አልነበረም። እኔስ ምን መለስሁ? ‹‹አዎን፣ ይበርዳል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በጣም ያምራል›› ብዬ ሻዬን ጠጥቼ ወጣሁ። ይህ ጽሑፍ ያን ዕለት ያልሰጠሁት መልስ ነው።

እውነት ነው፣ ይበርዳል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር ከፍታ በላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ነገር ግን ከብርድ ጋር የኖረ ሕዝብ ብርድን መከላከልንም ያውቃል። የመንዝ ሴቶች የበጎቻቸውን ሱፍ ይፈትላሉ፤ ወንዶቹ ይሸምኑታል፤ ከዚያም ባናው ይወጣል። ከእንጦጦ ሥር ሽሮ ሜዳን የሚያውቅ ሰው ደግሞ የጋቢና የቡልኮ አገር ሸማኔ እንደማያጣ ይመሰክራል። ደብረ ብርሃን ራሷ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ የብርድ ልብስ ፋብሪካ የቆመባት ከተማ ናት። አሳዛኙም ይኸው ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ከወለጋና ከሌሎች አካባቢዎች የተፈናቀሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን የተጠለሉት በዚህችው ከተማ ነው። በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ በምትታወቅ ከተማ ውስጥ ሰው በብርድ ተንቀጠቀጠ! ታዲያ እነዚህ ሰዎች የጎደላቸው ብርድ ልብስ ነው? አይደለም፤ የብርድ ልብስ መግዣ ነው።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ለአንድ ብርድ ልብስ የሚበቃ ክር እዚህ ከተራ ሱቅ ሲገዛ በአሥሮች የሚቆጠር ዶላር ያወጣል። ከዚያ በኋላ ካርቶኑ፣ የመርከቡ ኪራይ፣ የጉምሩኩ ውጣ ውረድ፣ ከጅቡቲ ወደብ እስከ መሐል አገር የሚጓዘው የጭነት መኪና አለ። ይህ ሁሉ ወጪ ለክር ነጋዴና ለመጓጓዣ ተከፍሎ ያልቃል፤ ከእርሱ ውስጥ አንዲት ሳንቲም እንኳን ባና ሸማኔው ደጃፍ አትደርስም። ገንዘቡ ግን በቀጥታ ቢላክ ኖሮ በአንድ ጊዜ ሁለት ሰው ያሞቅ ነበር፤ የሚለብሰውንም፣ የሚሸምነውንም።

ይህን ታሪክ በእህልም አይተነዋል። በ1995 ዓ.ም. ከ12 ሚሊዮን በላይ ኢትዮጵያውያን የምግብ እርዳታ ጠባቂ ሆኑ። ችጋሩ ከመድረሱ በፊት በነበሩት ዓመታት ግን ምርት በዝቶ፣ የበቆሎ ዋጋ ወድቆ፣ ገበሬው ያመረተውን ለማንሣት እንኳን አልተመቸውም ነበር። በአዳማ የእህል ነጋዴዎች መጋዘን ውስጥ ያልተሸጠ እህል ተከምሮ ሳለ፣ የአሜሪካን እህል የጫኑ መኪናዎች በዚያው መንገድ አለፉ። ምክንያቱም የዚያን ጊዜው የአሜሪካ ሕግ እርዳታው አሜሪካ ውስጥ የበቀለ እህል እንዲሆን፣ አብዛኛውም በአሜሪካ መርከቦች እንዲጓዝ ያስገድድ ነበር። የተራበው በላ፤ እሰየው። ለከርሞው ማምረት የነበረበት ገበሬና መግዛት የነበረበት ነጋዴ ግን የበይ ተመልካች ሆኑ። የሹራብ ቡድኗ ከዋሽንግተን ጋር አትመዘንም፤ አካሄዱ ግን አንድ ነው። ስጦታው የሚቆረጠው በተቀባዩ ልክ ሳይሆን በሰጪው ልክ ነው።

አሁን ተቃውሞዎቹን ልመልስ።

አንደኛው፣ ‹‹ሰው በብርድ ሲሞት የምን ገበያ ነው የምታወራው?›› የሚል ይሆናል። ልክ ነው። በ1977 ዓ.ም. በኮረም ሜዳ ለተኮለኮለው ሕዝብ ገበያ ቢኖርም ባይኖርም ልዩነት አልነበረውም። ያን ጊዜ ከየትም የመጣ ብርድ ልብስ ነፍስ ነበር። ጃፓኖች በዚያ ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ1984፣ ለአፍሪካ ብርድ ልብስ የመላክ ዘመቻ ጀምረው ለብዙ ዓመታት ሲቀጥሉበት፣ በላኩት ላይ የመልካም ምኞት መልእክት ይሰፉበት ነበር። ይህን የምንረሳ አይደለንም። ነገር ግን እነርሱ የሰጡት ከቤታቸው የነበረውን፣ ወዲያው የሚጫነውን ነው። በእጅ የሚሠራው ብርድ ልብስ ሳምንታት ተፈትሎ፣ ወራት ተጓጉዞ የሚደርስ በመሆኑ ለድንገተኛ አደጋ አይደርስም። የሚደርሰው አደጋው ሲያልፍ ነው፤ አደጋው ሲያልፍ ደግሞ ሸማኔው ወደ መሸመኛው ተመልሷል።

ሁለተኛው፣ ‹‹ያጎረሰ እጁን ትነክሳለህን?›› የሚል ነው። አልነከስሁም። የአዛውንቷን እጅ አይቼዋለሁ፤ ጣቶቻቸው በቁርጥማት የጎበጡ ናቸው። በዚያ እጅ ስድስት ሳምንት ለማያውቁት ሰው መልፋት ቅዱስ ነገር ነው። እንዲህ ያለውን ልፋት በከንቱ እንዲባክን መፍቀድ ነው ንቀት የሚባለው! በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረ አንድ ሥራ አለ። በዓለም ዙሪያ ያሉ ሰዎች ጎኑ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ትንሽ ቁራጭ ብቻ ሠርተው ይልካሉ፤ ቁራጮቹን ገጣጥሞ ብርድ ልብስ የሚያደርገው የዚያው የጆሃንስበርግ አካባቢ ሰው ነው። ይህም ቢሆን ፍጹም አይደለም፤ ቢያንስ ግን የልጆቹን ብርድ የሚያውቅ እጅ በመካከሉ ገብቶበታል።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻና በ2020 መጀመሪያ አውስትራሊያ በሰደድ እሳት ስትጋይ፣ ኮዋላ የሚባለው እንስሳና ሌሎች አራዊት መዳፋቸው ተቃጠለ፤ ግልገሎቻቸውም ያለ እናት ቀሩ። ለእነዚህ እንስሳት ጓንትና ማቀፊያ ከረጢት የሚሠራ ሰው ተፈለገ። ከመላው ዓለም የተላከው ከመብዛቱ የተነሣ አስተባባሪዎቹ ወዲያው፣ ‹‹እናመሰግናለን፤ በቃን፤ ከዚህ በላይ አትላኩ›› ብለው አስታወቁ። ማንም አልተቀየማቸውም። ለኮዋላው ‹‹በቃ›› ያለለት ሰው ነበር።

ለእኛስ ‹‹በቃ›› የሚለው ማን ነው? ለእኛ ‹‹ይህ አይደለም፣ ያኛው ነው የሚያስፈልገን›› የሚለው ማን ነው? ካርቶኑን የሚረከበው ሹም አይለውም፤ ርክክቡን በፎቶግራፍ አስነሥቶ ሪፖርቱን ያሳምርበታል። የአገር ቤቱ ድርጅት አይለውም፤ የዛሬውን ብርድ ልብስ ‹‹አልፈልግም›› ካለ የነገው ገንዘብ ይቀርብኛል ብሎ ይሰጋል። እኛ በውጭ የምንኖረውም አንለውም፤ ፈገግ ብለን ሻያችንን ጠጥተን እንወጣለን። ከወጣን በኋላ ግን ‹‹ፈረንጅ እኮ አፍሪካን አያውቃትም›› ብለን እንሣለቃለን። የጠየቀንን ሰው ዋሽተን፣ ባለማወቁ ልንስቅበት!

እምቢ ማለት እንደሚቻል የሚያሳይ ምሳሌም አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 ኬር የተባለው ታላቅ የእርዳታ ድርጅት፣ በየአገሩ ገበያ እየሸጠ ሥራውን የሚያካሂድበትን፣ በዓመት 45 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ የአሜሪካ መንግሥት እህል እንደሚያቆም አስታወቀ። የአገሬውን ገበሬ ይጎዳል ብሎ ነው። የፈረንጅ ድርጅት ስለ እኛ ገበሬ ሲል ሚሊዮኖችን ከመለሰ፣ እኛ ስለ ራሳችን ሸማኔ አንዲት ካርቶን በትሕትና መመለስ እንዴት ያቅተናል? ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም። የመንዝን ባና እኛ ካላከበርነው ማን ያከብርልናል?

ጉዳዩ ዛሬ ይበልጥ አጣዳፊ ሆኗል። ትልቁ የአሜሪካ የእርዳታ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ፈርሷል፤ የመንግሥታቱ ከረጢት እየጠበበ ነው። የሚቀረው የደጋግ ሰዎች ትንንሽ ካርቶን ነው። ትንሽ በሆነ ቁጥር ደግሞ ሊባክን አይገባም።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ አዳራሹ ተመለስሁ። ለአዛውንቷ ስለ ባናው፣ ስለ ሸማኔው፣ ስለ ደብረ ብርሃን ሁሉንም ነገርኋቸው። ‹‹ሥራዎን አያቁሙ›› አልኋቸው። ‹‹ይህን ውብ ብርድ ልብስ እዚሁ ባዛር አውጥተው ይሽጡት፤ ወይም እዚሁ በየድልድዩ ሥር ለሚያድረው የከተማችሁ ሰው ይስጡት። ወደ እኛ ገንዘቡን ይላኩ። ከመላክዎ በፊት ግን፣ ‘ምን ያስፈልጋችኋል?’ ብለው ይጠይቁ።››

ይቀየሙኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልተቀየሙም። መርፌያቸውን አስቀምጠው ትኩር ብለው አዩኝና፣ ‹‹ታዲያ ባለፈው ሳምንት ስጠይቅህ ለምን አልነገርከኝም?›› አሉኝ።

ይህን ጥያቄ ለእናንተም አስተላልፌዋለሁ።

ቸር ይግጠመን።