ዓሣ ማጥመድ የወንዶች ሽርሽር ብቻ ለምን ይሆናል?

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የምንኖር ኢትዮጵያውያን በበጋው ወራት ቅዳሜና እሑዳችንን የምናሳልፍባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። ሠርግ፣ ክርስትና፣ ልቅሶ፣ ምርቃት፣ ኳስ ሜዳ፣ ከዚያ የተረፈው ደግሞ ይህን ጋዜጣ ያነሣችሁበት ምግብ ቤት ነው። አሁን አሁን ግን አንዳንድ ወገኖቻችን ሌላ ነገር ጀምረዋል። አምስትና ስድስት ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተው፣ ካፒቴን ያለው ጀልባ ተከራይተው፣ ከሜሪላንዷ ኦሽን ሲቲ ወደ ጥልቁ ባሕር ዓሣ ለማጥመድ ይወጣሉ። ሰኞ ዕለት ደግሞ ትልቅ ዓሣ ታቅፈው የተነሡት ፎቶግራፍ በየስልኩ ሲዞር ይውላል።

ልማዱ መልካም ነው። እኔን የሚከነክነኝ ፎቶግራፉ ላይ የሌሉት ናቸው። ሚስት የለችም፤ ልጆች የሉም፤ አማችም ምራትም የሉም። ሳምንቱን ሙሉ ታክሲና ኡበር ሲነዳ የሚውል፣ ማታ ደግሞ ፓርኪንግ የሚሠራ አባት ልጁን የሚያየው ስትተኛ ነው። ያገኛትን አንዲት የዕረፍት ቀን ከጓደኞቹ ጋር ባሕር ላይ ካሳለፋት ለቤቱ የሚያመጣው በበረዶ የታሸገ ዓሣ ብቻ ነው። ዓሣውማ ሱቅ አለ።

«ልጆችን እዚያ ድረስ እንዴት እንወስዳለን? ወጪውስ?» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። መልሱ ያለው በጀልባው ዓይነት ላይ ነው። ወገኖቻችን የሚከራዩት አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ተሳፋሪ የሚይዘውን ጀልባ ነው። ስድስት የተባለውም በዘፈቀደ አይደለም፤ በአሜሪካ ሕግ በኮስት ጋርድ ያልተመረመረ አነስተኛ ጀልባ ከስድስት በላይ ከፋይ ተሳፋሪ መጫን ስለማይችል ነው። ይህ ጀልባ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ ተነሥቶ ወደ 60 ማይል ርቆ ይሄዳል። እዚያ የባሕሩ ወለል ድንገት ወደ ገደል ይወርዳል፤ ባልቲሞር ካንየንና ዋሽንግተን ካንየን የሚባሉት እነዚህ የባሕር ውስጥ ገደሎች ናቸው። ቱናው፣ ማሂ ማሂው፣ ነጩ ማርሊን የሚገኘው በዚያ ነው። መሄጃና መመለሻው ብቻ ሰዓታት ይፈጃል፤ ኪራዩም በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ለስምንት ዓመት ልጅ ይህ ሽርሽር ሳይሆን ቅጣት ነው።

ለነገሩ ኦሽን ሲቲ ራሷ ለዚህ ሥራ የበቃችው በአደጋ ነው። በነሐሴ 1933 ኃይለኛ ማዕበል የአሸዋውን ደሴት ለሁለት ሰንጥቆ ወደ ውቅያኖስ የሚያወጣ በር ከፈተላትና የጀልባ ወደብ ሆነች። ከ1974 ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄደው የነጭ ማርሊን ውድድር ዛሬ ሽልማቱ በሚሊዮን የሚቆጠር ነው። በ2016 የ2.8 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ተከልክሎ ፍርድ ቤት ደረሰ። ምክንያቱም መንጠቆው ከተፈቀደው ሰዓት፣ ማለትም ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል በፊት ውኃ ውስጥ ገብቷል፣ የውሸት መመርመሪያውንም አላለፉም ተብሎ ነው። ስለ ዓሣ ሲወራ ማጋነን የኛ ብቻ ጠባይ አይደለም ማለት ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ጀልባ ግን በነፍስ ወከፍ የሚከፈልበት ነው። ትልቅ ነው፤ በኮስት ጋርድ የተመረመረ ነው፤ በደርዘን የሚቆጠር ሰው ይይዛል፤ መጸዳጃና ጥላ አለው። ግማሽ ቀን ብቻ ቆይቶ ይመለሳል፤ ዋጋውም ብዙውን ጊዜ ለአንድ ሰው ከመቶ ዶላር በታች ነው። ዘንጉንና ማባበያውን ጀልባው ያቀርባል። ሩቅ ስለማይሄድ የሚያዘው ዓሣ ትልቅ አይደለም፤ ጥቁር ሲ ባስና ፍላውንደር ነው። ዓሣው የሚሰበሰበው በሰጠሙ መርከቦችና ሆን ተብለው በተጣሉ ብረቶች ዙሪያ ነው። በደላዌርና በሜሪላንድ ዳርቻ ከተጣሉት መካከል ያረጁ የኒው ዮርክ የምድር ውስጥ ባቡሮች ይገኙበታል። እግርህ ሥር ዓሦች በባቡር መስኮት እየገቡ ይወጣሉ ብላችሁ ለልጅ ንገሩትና ፊቱን እዩት። ከዳርቻው ጥቂት ማይል ራቅ ሲባል ስልኩም ዝም ይላል። ያን ጊዜ አባትና ልጅ ዘንግ ይዘው ጎን ለጎን ከመቆምና ከማውራት ሌላ ሥራ አይኖራቸውም። አማርኛውን በቅዳሜ ትምህርት ቤት ብቻ እንዲለምዱ የምንጠብቅባቸው ልጆቻችን እንዲህ ያለ አራት ሰዓት የሚያገኙት በዓመት ስንት ጊዜ ነው?

እዚህ ላይ ቀስ ብለን ልናነሣው የሚገባ ጉዳይ አለ። ባሕር ለሁላችንም መዝናኛ አይደለም። ብዙዎቻችን ደገኞች ነን፤ የምናውቀው ውኃ ጣና፣ ሐዋሳ ወይም ዝዋይ ነው፤ መዋኘት የማይችለው ከሚችለው ይበልጣል ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም። ከዚያም አልፎ በመካከላችን ከኦቦክ ወይም ከቦሳሶ በሌሊት ተጭነው ወደ የመን የተሻገሩ፣ ከሊቢያ ሜዲትራኒያንን ያቋረጡ አሉ። አብሮ የተሳፈረ ሰው ሲወድቅ ያዩ ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው «እኔ ይቅርብኝ» ሲል «ፈሪ!» ብሎ መሳቅ ነውር ነው። ምክንያቱን መጠየቅም አያስፈልግም። ወደቡ ዳር መዝናኛ መንገድ አለ፤ ሕፃናትን ይዞ እዚያ የሚጠብቅ ሰውም ሁልጊዜ ይፈለጋል። መሄድ ከፈለገ ደግሞ ትልቁ ጀልባ፣ በቀን ብርሃን፣ ዳርቻው ሳይርቅ ይሻለዋል።

የባሕርን አደጋ የሚያውቁት እነዚሁ ወገኖቻችን በመሆናቸው፣ በርካሽ ዋጋ የሚመጣውን ግብዣ ቀድመው የሚጠረጥሩትም እነሱ ናቸው፤ ልክም ናቸው። ጀልባ የገዛ ወዳጅ «በነፍስ ወከፍ ይህን ያህል ክፈሉና ልውሰዳችሁ» ካለ ነገሩ ተለውጧል። የነዳጅ ወጪ በፈቃድ መጋራት አንድ ነገር ነው፤ ለመጓጓዣ ማስከፈል ግን የኮስት ጋርድ ፈቃድ ያለው ካፒቴን ይጠይቃል። ስለዚህ ፈቃዱን አሳየን ማለት ወዳጅነትን ማፍረስ አይደለም። የሕይወት መከላከያ ጃኬቱም በልጁ ልክ መሆኑን ከመነሣት በፊት አስለክታችሁ እዩ፤ እኔ ብሆን ሕግ ጠየቀም አልጠየቀም ከልጅ ላይ አላወልቀውም።

ስለ ማቅለሽለሹም አንድ ነገር ልበል። የባሕር ሕመም ወኔ ማጣት አይደለም፤ ዓይን የሚያየውና የውስጥ ጆሮ የሚሰማው አልገጥም ሲል የሚመጣ ነው። መድኃኒቱ የሚሠራው ከመነሣት በፊት ሲወሰድ ነው፤ ለልጅ ሲሆን መጠኑን ፋርማሲስት ይጠየቅ። ዓይንን ከአድማስ ላይ ማሳረፍ፣ ከጀልባው ወደ ኋላና ወደ መሐል መቀመጥ፣ ከሞተሩ ጭስ መራቅ ይረዳል። ዋዜማውን በክትፎና በውስኪ ያመሸ ግን መድኃኒትም አያድነው። ለልጆቹ ስንቅ ስትይዙ ሙዝ አትያዙ፤ ሙዝ ጀልባ ላይ ገደቢስ ነው ብለው የሚያምኑ ካፒቴኖች አሉና የኛንም ሟርት ሳንጨርስ የነሱን አንጨምር።

ጀልባው ላይ መንጠቆ የሚያስገባው፣ የተጠላለፈ ክር የሚፈታው፣ ሲመለስ ዓሣውን የሚበልተው የካፒቴኑ ረዳት ነው፤ በኛ አነጋገር የጀልባዋ ወያላ በሉት። ኑሮው በአብዛኛው በጉርሻ ነው። የተለመደውም ከክፍያው ከመቶ 15 እስከ 20 ነው። ከኛ ውስጥ በጉርሻ ልጅ ያላሳደገ ጥቂት ነው፤ ሬስቶራንት ውስጥ አስተናግደን፣ መኪና አቁመን፣ ሻንጣ ተሸክመን የኖርን ሰዎች የዚያን ልጅ እጅ ባዶ ከመለስን በጣም ያሳዝናል። የተያዘው ዓሣ የማን እንደሆነም ቀድማችሁ ጠይቁ፤ በአንዳንድ ወደቦች ካፒቴኑ የኔ ነው ይላል።

ወደ ቤት የሚመጣውን ዓሣ በተመለከተ የሚያሳስበኝ ሙቀቱ ነው። በሐምሌ ፀሐይ፣ በሩት 50 ላይ ቤይ ብሪጅን ለመሻገር ተሰልፎ፣ ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ መኪና ውስጥ መቀመጥ አለ። ቱና፣ ማሂ ማሂና ብሉፊሽ በረዶ ካላገኙ በውስጣቸው የሚፈጠረው መርዝ ተጠብሶም ተቀቅሎም አይጠፋም። ስለዚህ በረዶ የሞላ ሣጥን ከቤት ይዞ መሄድ ግድ ነው። ሐዋሳ አሞራ ገደል የለመድነውን ጥሬ ዓሣም እዚህ ብንተወው ይሻላል፤ የባሕር ዓሣ የራሱ ትል አለው። ማርሊንና ሻርክ ሜርኩሪ ስለሚበዛባቸው እርጉዝ ሴቶችና ልጆች እንዳይበሉአቸው የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ይመክራል። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን አንበላም ለምንል ሻርኩ ከመጀመሪያውም ከዝርዝሩ ውጭ ነው፤ ሲ ባሱ ግን ሁለቱም አለው።

ውቅያኖሱ ለሚርቃችሁ ቼሳፒክ ቤይ አለ፤ ውኃው የተረጋጋ፣ ከዋሽንግተንም የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። እዚያ የሚፈለገው ሮክፊሽ ነው። በ2024 የወጣው ደንብ በባሕረ ሰላጤው ውስጥ በቀን ለአንድ ሰው አንድ ዓሣ ብቻ፣ ያውም ከ19 እስከ 24 ኢንች ርዝመት ያለውን ነው የፈቀደው፤ ደንቡ ስለሚለዋወጥ የዓመቱን መጠየቅ ነው። «ለአንድ ዓሣ ይህን ያህል?» የሚል አይጠፋም። ይሁን እንጂ ይኸው ዓሣ ከመመናመኑ የተነሣ ሜሪላንድ ከ1985 እስከ 1990 ድረስ ማጥመዱን ጨርሳ ከልክላ ነበር። ለልጆቻችን ስለ ጣና ስናወራ ይህንንም ብንነግራቸው ጥሩ ነው፤ ጣናም ዓሣ የሚያልቅበት ውኃ ነው።

ቀኑን መምረጥ ነው የቀረው። የኳስ ዝግጅቱ በሐምሌ መጀመሪያ ብዙ ሰው ከከተማ ይወስዳል። ጾመ ሐዋርያት የሚፈታው፣ ያውም በዓሣ አጥማጁ በጴጥሮስና በጳውሎስ ቀን፣ ጁላይ 12 ነው። ፍልሰታ ደግሞ ኦገስት 7 ይገባል፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ጀልባ ላይ ይዞ መውጣት አይበጅም። በመካከል የሚቀሩት ሦስት ወይም አራት ቅዳሜዎች ናቸው። አምስትና ስድስት ቤተሰብ ሆኖ፣ እንደ ዕቁብ ከጥር ጀምሮ በየወሩ ጥቂት ጥቂት እያዋጡ፣ አንዱን ቅዳሜ በፀደይ ላይ ማስያዝ ይቻላል። ሐምሌ ከገባ በኋላ ለሃያ ሰው ቦታ አለ ወይ ብሎ ለሚደውል ግን የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው።